ጽዋው እሳቸው ቤት ነው

«እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። አርባ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፤ አንድ ልጅ አለኝ።

የማርያም ማኅበርተኞች ነን፤ 24 ሴቶች። በየወሩ በ21 እንሰበሰባለን። ላለፉት 18 ወራት ከጽዋው ወጪ ሌላ በየወሩ መቶ መቶ ብር ስናዋጣ ቆይተናል። ለጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ መንገድ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ ለደብራችን ልንገዛ ነው ሐሳባችን። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ገንዘብ ያዧ እትዬ ናቸው፤ ስማቸው ይቅር። ስልሳን አልፈዋል፤ ሁላችንም የምናከብራቸው ሰው ናቸው።

ጥቅምት 21 ጽዋውን የተረከቡት እሳቸው ናቸው። የኅዳሩ ማኅበር እሳቸው ቤት ነው ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ሒሳቡን ላዘጋጅ ብዬ ቤታቸው ሄድኩና የባንክ ደብተሩን አየሁ። መግባት የነበረበት 43,200 ብር ነው። ያለው 25,200 ነው። 18,000 ብር የለም። ‹እትዬ፣ ቀሪውስ?› አልኳቸው። ‹እቤት አለ፣ አስገባዋለሁ› አሉኝ። ቡና እየቀዱልኝ ነበር። እጃቸው ተንቀጠቀጠና ቡናው ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ቃል ሳልናገር ወጣሁ።

ለአንድ ጓደኛዬ ብቻ ነገርኳት። በአራተኛው ቀን አራዳ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ወሬውን መልሰው ለእኔው ነገሩኝ። 18,000ው 40,000 ሆኗል። አሁን ግማሾቹ ‹እሳቸው ቤት ጽዋ አንጠጣም› እያሉ ነው። የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን፣ ደውላ ‹በ21 በሁሉም ፊት ሒሳቡን አንብቢው› ብላኛለች። አንዷ ማኅበርተኛ ደግሞ ‹አትፍረዱ ይላል ቃሉ፤ ምን አገባሽ፣ ለእግዚአብሔር ተይው› ትለኛለች።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልፈልግም። ከአራት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ስለያይ፣ እትዬ በማኅበሩ መሀል ‹ትዳሯን ያልጠበቀች ማኅበር ትጠብቃለች?› ብለውኛል። አልቅሼ ነው የወጣሁት። እናቴ ስትሞት ግን ከሁሉም ቀድመው የደረሱልኝ እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን እቤቴ አድረው ለለቀስተኛው እንጀራ የጋገሩት እሳቸው ናቸው። ደብተሩን ያየሁ ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ስሜት መጣብኝ። ደስታ ይመስላል። እስካሁን ያስፈራኛል።

ዝም ብል የማኅበሩን ገንዘብ አስበላሁ። ብናገር ፈረድኩ። ምን ላድርግ?

ጸሐፊዋ፣ ከጎንደር»

እህቴ ጸሐፊዋ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም የያዘኝ ብሩ አይደለም። «ደስታ ይመስላል» ያልሽው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙዎቻችን ለንስሐ አባታችን እንኳ ሸፋፍነን ነው የምንናገረው። አንቺ ግን ሳትጠየቂ ጻፍሽው። ስለዚህ ከዚያው እንጀምር።

አራት ዓመት ሙሉ ያልዳነ ቁስል ይዘሽ ኖረሻል። ትዳር ሲፈርስ መፍረሱ ራሱ ይበቃ ነበር። በዚያ ላይ በሰው ፊት፣ ያውም ጽዋው መሀል፣ እንደዚያ መባል በጣም ያማል። እትዬ ያን ቀን ፈርደውብሻል። ቤትሽ ውስጥ ምን እንደነበረ መጥተው ጠይቀውሽ ያውቁ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያን ቃል የሚናገሩት አይመስለኝም። እና አሁን ደብተሩ እጅሽ ሲገባ ልብሽ «ለካ እሳቸውም!» አለ። ይህ ሰው የመሆን ነገር ነው። ስሜቱ ስለመጣ ክፉ ነሽ ማለት አይደለም። ክፋት የሚሆነው ስሜቱ ተነስቶ ሥራ ሲጀምር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪው። ብሩ የጎደለው በጣም በምትወጃት ማኅበርተኛ እጅ ቢሆን ኖሮ ለጓደኛሽ ትነግሪያት ነበር? ወይስ መጀመሪያ እሷው ቤት ሮጠሽ «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ትያት ነበር?

ይህን የምጠይቅሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ቀጥሎ የምታደርጊው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

አሁን ወደዚያች «አትፍረዱ ይላል ቃሉ» ወዳለችሽ እህት ልምጣ። ሐሳቧ ደግ ነው። ግን ቃሉን ከመሀል ቆርጣዋለች። ማቴዎስ ምዕራፍ 7 «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» ብሎ ይጀምርና ትንሽ ወረድ ብሎ ምን ይላል? «አስቀድመህ ከዓይንህ ምሰሶውን አውጣ ከዚያም በኋላ ከወንድምህ ዓይን ጉድፉን ታወጣ ዘንድ አጥርተህ ታያለህ።» ጉድፉ እዚያው ይቅር አላለም። ይወጣል። ጥያቄው ማን ያወጣዋል፣ እንዴትስ ያወጣዋል የሚለው ነው።

ልጅ ሆነሽ ዓይንሽ ውስጥ ጉድፍ ሲገባ እናትሽ ያደረጉትን ታስታውሻለሽ? የእኔዋ መጀመሪያ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ታዞረኛለች። በአንድ እጇ አገጬን ትይዛለች። የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ በጣቶቿ መሀል እያሾለች «ወደ ላይ እይ፤ አትንቀሳቀሺ፤ አሁን አለቀ» ትለኛለች። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ይሰማኛል። የቡናውና የጭሱ ሽታ ሁሉ። ቸኩላ አታውቅም፤ ዓይን ነዋ! ጉድፉን ስታወጣም ለጎረቤት አታሳይም። በነጠላዋ ጠርጋ ትጥለዋለች።

ጌታችን ከሌላ የአካል ክፍል ሁሉ ዓይንን የመረጠው በከንቱ አይመስለኝም። እግር ላይ የተሰካ እሾህ ሊል ይችል ነበር። ዓይን ግን በሸካራ እጅ አይነካም። ከገበያ ማዶ ሆኖም ጉድፍ ያወጣ ሰው የለም። ትንፋሽሽ እስኪሰማቸው ድረስ መቅረብ አለብሽ።

ዮሐንስ ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» የሚል ቃል አለ። ይህንንም የተናገረው ያው «አትፍረዱ» ያለው ጌታ ነው። በሰንበት ሰው አድኖ ሲከሱት ነው የተናገረው። ስለዚህ ዝም በይ አልተባልሽም። በመልክ አትፍረጂ ነው የተባልሽው።

በመልክ ያልሆነው ፍርድ ምን ይመስላል? ከደብተሩ እንነሳ። ደብተሩ የሚለው «ጎደለ» ነው። «ሰረቁ» የሚል ቃል እዚያ ላይ የለም። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ አይተሻል፤ ግን እጅ በፍርሃትም፣ በኀፍረትም፣ በዕድሜም ይንቀጠቀጣል። ብሩ እንዳሉት ቤት ውስጥ ሳጥን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ለተቸገረ ሰው አበድረውት ሊሆን ይችላል። በልተውትም ሊሆን ይችላል። አንዱንም አታውቂም። እኔም አላውቅም። አራዳ ገበያም አያውቅም።

ደግሞ ተቃራኒው ውስጥ እንዳትወድቂ። «ምናልባት የታመመ ዘመድ ይኖርባቸዋል» እያልሽ ከራስሽ ሰበብ አትፍጠሪላቸው። ርኅራኄ ሲሉ ብዙ ሰው የሚመስለው ይህ ነው። ከ24ቱ ውስጥ ያችን መቶ ብር ጉልት ተቀምጣ፣ ፀሐይ እየበላት ያገኘቻት የለችም ትያለሽ? ለእሷም ማዘን አለብን። የእሷ 18 መቶ ብር የት እንደገባ ማወቅ መብቷ ነው። ለእትዬ ስንራራ እሷን ረስተን ከሆነ ፍርዳችን ቅን አይደለም።

እኔም በወጣትነቴ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የተበደረችኝን ሳትመልስ ስትቆይብኝ «አታላይ ናት» ብዬ ለሦስት ሰዎች ተናግሬባታለሁ። በኋላ ብሩን ቆጥራ ሰጠችኝ። ስሟን ግን መመለስ አልቻልኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? እስካሁን መንገድ ላይ ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች፤ እኔም እሰብራለሁ። ስለዚህ ቀጥሎ የምልሽን ከላይ ሆኜ የምልሽ እንዳይመስልሽ።

ማቴዎስ 18 መንገዱን በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ብቻ ለብቻ። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ። እንቢ ካለ ለጉባኤው። አንቺ ግን «ቀሪውስ?» ብለሽ ሳትጨርሺው ወጣሽና ሳታስቢው ከታች ጀመርሽው። መጀመሪያ ገበያው ሰማ፤ አሁን ማኅበሩ ሊሰማ ነው፤ እትዬ መጨረሻ ላይ ቀሩ። ግን ገና መመለስ ይቻላል። ኅዳር 21 እስኪደርስ ጊዜ አለሽ።

በመጀመሪያ ጓደኛሽን አግኚያት። «አንቺ ነሽ ያወጣሽብኝ» ብለሽ አትጣያት፤ ቀድመሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። «ልነግርሽ አይገባኝም ነበር፤ እባክሽ ከዚህ አይለፍ» በያት። 40,000 የሚል ሰው ካገኘሽ ደግሞ ዝም አትበይ። «ሒሳቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የምትሉት ውሸት ነው፤ ገና እያጣራን ነው» በይ። ይህን ማለት ግዴታሽ ነው። ወሬው ከአንቺ አፍ ነዋ የተነሳው።

ቀጥሎ ሙሴያችሁ። እሷም ክፉ አላሰበችም፤ ማኅበሩ እንዳይበተን ነው የፈራችው። ግን «በሁሉም ፊት አንብቢው» ያለችውን አትቀበዪ። ስለ ሙሴ ጸሊም የሚተረከውን ታውቂው ይሆናል። በአስቄጥስ ገዳም አንድ ወንድም ጥፋት አጠፋና መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። አባ ሙሴንም ጠሩ። እንቢ አለ። ደግመው ሲልኩበት የተቀደደ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ፣ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈሳል። «አባታችን፣ ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት፣ «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፤ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ጥፋት ልፈርድ መጥቻለሁ» አላቸው። ወንድማቸውን ይቅር ብለው ተበተኑ። የማኅበር መሪዎቻችንን «ሙሴ» እያልን ስንጠራ እኔ ዘወትር ይህ ታሪክ ይመጣብኛል። ለሙሴያችሁ ይህን ንገሪያትና «እስከ ኅዳር 15 ጊዜ ስጪኝ፤ መጀመሪያ ብቻዬን ላነጋግራቸው» በያት። ቀን ቆርጠሽ ከነገርሻት የምትደብቂ አይመስላትም።

ከዚያ ወደ እትዬ።

ድንገት አትድረሺባቸው። ደውዪና «ብቻችንን ላነጋግርዎ እፈልጋለሁ» በያቸው። የቡና ሰዓት አትምረጪ፤ ጎረቤት አይጠፋም። ከመሄድሽ በፊት ግን ለራስሽ ጥቂት ሰዓት ውሰጂ። ከተመቸሽ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ተቀመጪ። ያ ጣሪያ ላይ የተደረደረው የመላእክት ፊት ሁሉ ወደታች የሚያይሽ ይመስላል። ቀድሞ የገባውንም፣ በር ላይ የቆመውንም እኩል ነው የሚያዩት። እዚያ ሆነሽ ያን «ደስታ የሚመስለውን» ነገር ስሙን ጠርተሽ ለእግዚአብሔር ስጪው። «አራት ዓመት ተቀይሜያቸዋለሁ» ብለሽ። ምሰሶሽ እሱ ነው። ካላወጣሽው እጅሽ ይሸክራል።

ቤታቸው ስትደርሺ በይቅርታ ጀምሪ። ሌላ ሰላምታ አታብዢ። «እትዬ፣ ደብተሩን ያየሁ ዕለት ከእርስዎ ጋር ሳልጨርስ ለሌላ ሰው ተናግሬያለሁ። በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።» ይህ ይከብዳል። አንቺ ልትጠይቂ ሄደሽ አንቺ ተጠያቂ ትሆኛለሽ። ግን እሳቸው አጠገብ መቀመጫ የሚሰጥሽ ይህ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ «ያን 18,000 ብር ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት» በያቸውና ዝም በይ። ዝምታው ሲከብድ አንቺ አትሙዪው። ይቆዩ።

ምናልባት ይቆጡ ይሆናል። «አንቺን ብሎ ጸሐፊ!» ሊሉሽ ይችላሉ። ፍቺሽንም ሊያነሱብሽ ይችላሉ። እዚያ ላይ መልስ አትስጪ። የአራት ዓመቱን ጉዳይ ከብሩ ጋር አትቀላቅይው። እሱ የራሱ ቀን አለው፤ ብሩ ካለቀ በኋላ፣ ከፈለግሽ ንስሐ አባታችሁ ባሉበት፣ «ያን ጊዜ ያሉኝ ቃል እስካሁን ያመኛል» ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ ካነሳሽ ብሩን የበቀል ምክንያት አደረግሽው ይሆናል ነገሩ።

ብሩ ቤት ካለ በማግስቱ አብራችሁ ባንክ ሄዳችሁ አስገቡት፤ ነገሩ አለቀ። ወጪ አድርገውት ከሆነ ሌባ አትበያቸው፤ «እንዴት እንመልሰው?» በያቸው። «እንመልሰው» የሚለው ቃል ብዙ ይሠራል። በወር ምን ያህል መክፈል እንደሚችሉ ራሳቸው ይናገሩ። በወረቀት ይስፈር፤ ሙሴያችሁና ንስሐ አባታችሁ ይወቁት። ለማኅበሩም እትዬ ራሳቸው ይንገሩ፤ ካቃታቸው አንቺ አጠገባቸው ቁሚ። ምንጣፉ ለዘንድሮ ጥምቀት ላይደርስ ይችላል። አርባ አራቱ ታቦት በሚከበርበት ከተማ አንድ ምንጣፍ ለከርሞ ቢቆይ ጥምቀት አይጎድልም።

ፈጽመው ከካዱ ግን ብቻሽን አትከራከሪ። ሙሴያችሁንና እሳቸው የሚያከብሯቸውን አንድ ትልቅ ሰው ይዘሽ ተመለሺ። ሽምግልና የምንለው ይኸው ነው፤ ወንጌሉም «በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ» የሚለው ለዚህ ነው። ያም ካልሆነ ለማኅበሩ መናገር ይመጣል፤ ያኔ ብትናገሪ ሐሜት አይሆንብሽም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጨካኝ ልመስልሽ ነው። ብሩ ተገኘም አልተገኘም፣ ከእንግዲህ ብቻቸውን ገንዘብ አይያዙ። ማንም ብቻውን አይያዝ፤ አንቺም ብትሆኚ። ሁለት ሰው ካልፈረመ የማይወጣበት ሒሳብ ክፈቱ። ይቅር ማለት ቁልፉን መልሶ መስጠት አይደለም። 18 ወር ሙሉ ደብተሩን ማንም ሳያይ መቆየቱ የእሳቸው ጥፋት ብቻ አይመስለኝም፤ ማኅበሩም ጸሐፊዋም አሉበት። አንዲት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ያን ያህል ብር በእጃቸው ይዘው በፈተና ውስጥ ሲኖሩ አንድም ሰው አልጠየቃቸውም።

ያ ማቴዎስ 18 ላይ ስለ ብቻ ለብቻው የሚናገረው ቃል እንዴት እንደሚያልቅ ልብ ብለሻል? «ቢሰማህ፥ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው።» እኔ ይህን ቃል ደጋግሜ ሳነብ ኖሬ፣ የአንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ነው የገባኝ። አንቺ ገንዘብ ጠፋ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ግን ሊጠፉ ያሉት እትዬ ይመስሉኛል።

የበላዔ ሰብን ታሪክ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሽዋል፤ የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት ሁልጊዜ ይነበባል። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው የሰጠው ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋለት። አንቺ ቤት ሦስት ቀን የተጋገረው እንጀራ 18,000 ብሩን አይሞላም፤ ሒሳብ ሒሳብ ነው። ግን «እትዬ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ብለሽ በልብሽ ስትመዝኚ፣ ያ እንጀራ ሚዛኑ ላይ ይኑር። አንቺ ራስሽ በደብዳቤሽ ላይ አስቀምጠሽዋል እኮ፤ እኔ አይደለሁም ያመጣሁት።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት። ጾሙ ገብቷል፤ ሽሮው፣ ዳቦው፣ ጠላው ለ24 ሰው ይዘጋጃል። ግማሾቹ ይቀሩ ይሆናል። ነገሩ እስከዚያ ቢያልቅም ባያልቅም፣ አንቺ አትቅሪ። ያውም እንደ እንግዳ ሰዓቱን ጠብቀሽ አትሂጂ። ጠዋት ሂጂ። ወሬው በዚያ ቤት ዙሪያ ስለዋለ የሚያግዛቸው ጎረቤት ላይኖር ይችላል። ቄጠማውን ይዘሽላቸው ግቢና አብራችሁ ጎዝጉዙት።